ሦስት ካይት ባጊ ወደ ሮሞ ደሴት፦ ጣሪያ ላይ ወይስ በተሳቢ?

ሰሜን_ነፋስ
ሰላም ለዚህ ቤት። ከሃምቡርግ ተነስተን ዴንማርክ፣ ሮሞ ደሴት፣ ሶንደርስትራንድ ላይ ቅዳሜና እሁድ ከሌሎች ጋር ተሰባስበን ልንነዳ ነው። ሦስት ሰው፣ ሦስት ባጊ (በካይት፣ ማለትም ነፋስ በሚወጥረው ትልቅ ጨርቅ፣ የሚጎተት ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ)፣ አንድ ስቴሽን ዋገን። ሁለቱ ባለ ተራ ጎማ (4.00-8)፣ አንዱ ባለ ሰፊ ጎማ (ቢግፉት) ናቸው። መኪናው ፖርቶመጋላም የመጎተቻ ጋንቾም አለው። ጣሪያ ላይ ልጫናቸው ወይስ ተሳቢ ልከራይ? ከመለዋወጫና ከካይቶችስ ምን ልያዝ?

ባለ_ተሳቢው
መጀመሪያ የመኪናውን መጽሐፍ ግለጥና ጣሪያው የሚችለውን ክብደት እይ። ብዙዎቹ 75 ኪሎ ናቸው፤ የፖርቶመጋላው ክብደትም ከዚያው ይቀነሳል። ተራ ባጊ ሙሉውን 25 ኪሎ ገደማ ነው፣ ቢግፉቱ 40 ሊያልፍ ይችላል። እንዳሉ ከጫንካቸው ከልክ በላይ ነው። ጎማ ተፈትቶ ሻሲው ብቻ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ስለሚሆን ሦስቱም ይወጣሉ፤ ጎማዎቹ መኪናው ውስጥ፣ ከታች ይሁኑ።

እኔን ከጠየቅከኝ ተሳቢ ይሻላል። እስከ 750 ኪሎ ድረስ ተራው የቢ መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ልዩ ፈቃድ የሌለው ተሳቢ በጀርመንም በዴንማርክም አውራ ጎዳና ላይ ከ80 በላይ አይነዳም፤ ሰዓትህን በዚያ አስላ። የቢግፉቱ ወርድ 1.30 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ስፋቱ 1.10 በሆነ ተሳቢ በአግድም አይገባም። በኋላ ጎማዎቹ አቁመው፣ ፎርኬታው ወደ ላይ ይሁን፣ አክስሉ በተሳቢው ርዝመት ይዙር።

ማሰሪያውን በዋናው ሻሲ ላይ እንጂ በፎርኬታው ላይ አትሰር። ፎርኬታ ስለሚዞር መንገድ ላይ ማሰሪያው ይላላል። በመቀመጫው ጨርቅ ላይም አታሳልፈው፣ ይበላዋል። ራቼቱን (የማሰሪያውን ማጥበቂያ) እስኪጮህ ድረስ አትጠምዝዘው፤ ቀጭን የጎን ቱቦ ይታጠፋል። ጣሪያ ላይ ከሆነ ማሰሪያውን አንዴ ጠምዘዝ አድርገህ ዘርጋው፣ ካለዚያ በነፋስ ይንጫጫል። 20 ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ ቁምና እንደገና አጥብቅ። ጭነቱ ከኋላ አንጸባራቂዎች ከ1 ሜትር በላይ ወጣ ካለ ጀርመን ውስጥ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ቀይ ባንዲራ ግድ ነው፣ ሲጨልም ደግሞ ቀይ መብራት።

ግራሶ
በተሳቢው አልስማማም። አስፋልት ላይ ጥሩ ነው፤ ለስላሳ አሸዋ ውስጥ ግን ትንንሾቹ ጎማዎች ይሰምጡና መኪናውን ይዘውት ይቀራሉ። ከወሰድከው ጠንካራውና እርጥቡ ላይ ብቻ፣ ሰፋ አድርገህ እየዞርክ።

ወደ ጎማው ልምጣ። ሰዎች ባጊ ሲፈቱ በሁለቱ ኩሽኔታ መሀል ያለችውን ቱቦ ይጥላሉ። እሷ ከሌለች ዳዶውን ባጠበቅህ ቁጥር የኩሽኔታውን ውስጠኛ ቀለበት ወደ ጎን ትጫነዋለህ፤ ሁለት ቀን ሳይነዳ ያልቃል። ስለዚህ የየአንዳንዱን ጎማ ቱቦ፣ ሮንዴላና ዳዶ ለየብቻ በከረጢት አድርገህ ከሻሲው ጋር እሰረው። አክስሉ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኩሽኔታው ብዙውን ጊዜ 6004 2RS ነው፤ ለክቶ ማረጋገጥ ነው። አራት ትርፍ ያዝ። ናይሎን ያለው ዳዶ ደጋግሞ ከተፈታ መያዙን ያቆማል፣ አዲስ ያዝ። ስቴንለስ ብሎን ላይ ስቴንለስ ዳዶ ሳይቀባ ከጠበቀ ይነክስና ይቀራል፤ ጥርሱን ግራሶ ቀባው።

የጎማ ንፋስ፦ ተራው ጠንካራ አሸዋ ላይ ከ1 እስከ 1.5 ባር፣ ቢግፉቱ ከ0.3 እስከ 0.5። የነዳጅ ማደያ መለኪያ ይህን ያህል ዝቅ ያለ ስለማያነብ የራስህ ዝቅተኛ መለኪያ ያስፈልግሃል። ቢግፉቱን ከዚህ በታች ካወረድከው ስትዞር ጎማው ከቸርኬው ይወጣል። ካላማዳሪያ፣ ፓምፕ፣ 13፣ 17 እና 19 ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ የጨርቅ መጠገኛ ቴፕ።

ማታ ማታ በንጹህ ውሃ እጠብ፣ ግን በግፊት ማጠቢያ አይደለም። ግፊቱ ጨውና አሸዋውን በማኅተሙ አልፎ ወደ ኩሽኔታው ይከተዋል። ብዙ ሰው ኩሽኔታውን ባሕሩ ገደለው ይላል፣ የገደለው ግን ማጠቢያው ነው።

ሰሜን_ነፋስ
ሁለታችሁም ተባረኩ። ሻሲውን ጣሪያ ላይ፣ ጎማውን ውስጥ አደርጋለሁ። አንድ ጥያቄ፦ 5 ካሬ ሜትሩ ካይት ከላይ ሲደርስ ወደ ኋላ እየሸሸ ይወድቃል። ከመሄዴ በፊት ምን ልንካ?

ሰማይ_ጠቀስ
ሰላም ወንድሜ። ምናልባት ገመዶቹ ናቸው። ዋናዎቹ ጭነቱን ስለሚሸከሙ ከጊዜ ጋር ይረዝማሉ፣ የብሬኮቹ (የካይቱን የኋላ ጠርዝ የሚስቡት) ግን አይረዝሙም፤ ስለዚህ ብሬኩ ሁልጊዜ እንደተያዘ ይሆናል። አራቱንም በአንድ ችንካር ላይ አስረህ በእኩል ጎትተህ ጫፎቻቸውን አወዳድር። ዋናዎቹ ረዝመው ከተገኙ አሳጥራቸው፣ ወይም በእጀታው ላይ ያለውን የብሬክ ማያያዣ አንድ ቋጠሮ ልቀቅ። ካይቱ ከላይ ሲሆንና እጅህ ዘና ሲል ብሬኮቹ ትንሽ ላላ ማለት አለባቸው።

ካይት 3፣ 5 እና 7 ካሬ ይበቃል። ነፋስ መለኪያ ያዝና ነፋሱ ሲቀንስ ያለውን ሳይሆን ሲበረታ የሚመጣውን ግፊት አንብብ፤ በሰከንድ 8 ሜትር ሲያልፍ ጀማሪ ከ3 ካሬ በላይ ባይይዝ እላለሁ። ትርፍ ገመድ አንድ ሙሉ ጥንድ፣ ለእያንዳንዱ ካይት ካይቱን የሚገድል (እጀታውን ስትለቅ ጉልበቱን የሚያሳጣ) የእጅ ማሰሪያ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሄልሜት፣ ጓንትና ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ። ሁለት ችንካር ይኑርህ፤ ካይቱን አሳርፈህ እጀታውን ሳትቸክል ከባጊው አትራቅ። ሰው ሲበዛ ደንቡ ይህ ነው፦ ከነፋሱ ወገን ያለው ካይቱን ከፍ፣ ከታች ያለው ዝቅ ያደርጋል።

ባለ_ተሳቢው
አንድ ነገር ረስተናል፣ መኪናው። ሶንደርስትራንድ በጣም ሰፊና ዝርግ ነው፤ ባሕሩ ሲመለስ ከፊት ለፊት ብቻ ሳይሆን ዝቅ ባሉት ቦታዎች ከኋላህም ይሞላል። ባሕሩ የሚመጣበትን የሰዓት ሰንጠረዥ ዓይተህ መኪናውን አቁም፣ የምዕራብ ነፋስ ካለ ከሰንጠረዡ ቀድሞ እንደሚመጣ ቁጠር። ከባጊ ይልቅ አካፋና መጎተቻ ገመድ ቅድሚያ ይኑራቸው።