የዜለንስኪ ሐሰተኛ ቪዲዮ ክፍሌ ገባ፤ ከየት ልጀምር?

መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦
ስለ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ሳስተምር አንድ ተማሪዬ ስልኩን አውጥቶ፣ የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዜለንስኪ ወታደሮቻቸውን መሣሪያ እንዲያስቀምጡ ሲጠይቁ የሚታይበትን ቪዲዮ አሳየኝ። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የተሰራጨ፣ በኮምፒውተር የተቀነባበረ ሐሰት ነው። ልጁ ግን እውነት ብሎ ይዞታል፤ ክፍሉም ተከተለው። ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይብሳል ሲባል ሰምተው ያደጉ ልጆች ናቸው። ከየት ልጀምርላቸው?

ከደብረ ሲና፦
መምህር፣ ከቪዲዮው ይጀምሩ። ድምፁን አጥፍተው አንገቱን ያሳዩአቸው። ፊቱ ይንቀሳቀሳል፤ ከአንገት በታች ያለው አካል ግን ደርቆ ቆሟል። ጭንቅላቱም ከሰውነቱ ጋር አልተመጣጠነም።

ከመሐል ሜዳ፦
በዚህ አልስማማም። የነገው ሐሰት እንከን አይኖረውም። የዩክሬን መንግሥት እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሊመጣ እንደሚችል ቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱም ወዲያው በራሳቸው ቪዲዮ አስተባበሉ። ሐሰቱን ያከሸፈው ይህ ነው።
ቀድሞ በሶቪየት ኅብረት ሥር የነበረችውን ኢስቶኒያንም ያስተምሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 የሶቪየት ወታደር ሐውልት ከዋና ከተማዋ ከታሊን መሀል ሲነሳ የባንኮች፣ የጋዜጦችና የመንግሥት ድረ ገጾች በጥቃት ተጥለቀለቁ። ሩሲያ እጄ የለበትም አለች። ታንክ ድንበር ሲያቋርጥ ባለቤቱ ይታወቃል፤ እዚህ ግን ማን እንደተኮሰ ማረጋገጡ ራሱ ሙግት ነው። ዲፕሎማቶችን የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የኔቶ ዕውቅና ያለው የሳይበር (የኮምፒውተር መረብ) መከላከያ ማዕከል እዚያው ታሊን ተቋቋመ።

መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅድሚያ ለኢስቶኒያ እሰጣለሁ። ድረ ገጽ በጥቃት እንዴት እንደሚወድቅ ያለ ኮምፒውተር የማስረዳበት መንገድ አለ?

ከደብረ ሲና፦
አንዱን ተማሪ የባንክ መስኮት ላይ እንዳለ ሠራተኛ ያስቀምጡት። ሌሎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እየተጋፉ የማይረባ ጥያቄ ይጠይቁት። እውነተኛ ጉዳይ ያለው ልጅ ወረፋ አያገኝም።