ቦይለራችን ብሬከር እየጣለ ነው፣ ቤት ውስጥ አራስ አለች፤ እባካችሁ እርዱን

የማራኪዋ፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ቦይለሩ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሲበራ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ብሬከሩን ይጥለዋል። ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል እንደሚፈላ ጀበና ሲንደቀደቅ ነበር። እህቴ አራስ ናት፣ ገና ዘጠኝ ቀኗ። ውሃ በከሰል እያሞቅን ነው። አንድ ሠራተኛ መጥቶ «ውሃችሁ ድንጋይ ይሠራል፣ አዲስ ግዙ» ብሎን ሄደ። ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም! ይድናል? ከዳነስ ሁለተኛ እንዳይደግመው ምን ላድርግ?

የፒያሳ ልጅ፦
እንኳን ማርያም ማረቻት! አቼቶ ጨምሩበትና ይደር። ጠዋት ድንጋዩ ሁሉ ይለቃል። የእኛ ቤት ማንቆርቆሪያ በእሱ ነው የጸዳው።

ቀበሌ 18፦
የስንት ሊትር ነው? ውሃው የከተማው ነው ወይስ የጉድጓድ? ይህን ሳትነግሪን ምን ብለን እንመልስልሽ እህቴ?

ጋሼ ኬሚስትሪ፦
ልጆቼ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ውሃ በአለት ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይወጣል። ጠጣር ውሃ የሚባለው ይህ ነው። ስኳር በሞቀ ውሃ የበለጠ ይሟሟል አይደል? የካልሲየም ካርቦኔት ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው። ውሃው በሞቀ ቁጥር እየተለየ ይወጣና በጣም የሚሞቀው ነገር ላይ ይጋገራል። ቦይለር ውስጥ በጣም የሚሞቀው ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ብረት ነው። ቅርፊቱ ሙቀቱን አላሳልፍ ይላል፣ ሬዚስታንሱ ከውስጥ ይነዳል። ከቅርፊቱ ሥር የተያዘው ውሃ ደግሞ እንፋሎት እየሆነ ይፈነዳዳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ያ የሰማሽው የጀበና ድምፅ ይኸው ነው።

የአዘዞው፦
ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ አልስማማም። የእኛ አገር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው እንጂ እንደ መቀሌ የኖራ ድንጋይ አይደለም። ከአንገረብ ግድብ የሚመጣው የከተማው ውሃም ደለሉ ነው የሚያስቸግረው። ቦይለር የሚገድለው ፈረቃው ነው። ውሃ ሲጠፋ ታንከሩ ይጎድላል፣ እናንተ ታበሩታላችሁ፣ ሬዚስታንሱ በደረቁ ይቃጠላል። ውሃውን አትውቀሱ።

የድሬ ልጅ፦
አቦ፣ ድንጋይ ያለው እኛ ጋ ነው! ድሬዳዋ ሳድግ ቧንቧ ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ ሆኖ እርሳስ የምታክል ቀዳዳ ብቻ ቀርታው አይቻለሁ። የእናንተስ ጀበና ውስጡ ነጭ ይይዛል?

የማራኪዋ፦
50 ሊትር ነው። ውሃው የግቢው ጉድጓድ ነው፣ ሮቶ እንሞላለን። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ስለማይሠራ ሮቶው የሚደርቅበት ቀን አለ። ጀበናው አዎ፣ ነጭ ይይዛል። ሳሙናም አረፋ አይሰጥም።

የፒያሳ ልጅ፦
አላልኩም! አቼቶ።

ጋሼ ኬሚስትሪ፦
የአዘዞው፣ እሳተ ገሞራ ድንጋይም ካልሲየምና ማግኒዥየም አለው። የጉድጓድ ውሃ አለት ውስጥ ስለሚቆይ ይዞት ይመጣል። ልጄ፣ አንዱን ጠርሙስ እስከ ግማሹ የጉድጓዱን ውሃ፣ ሌላውን ጠርሙስ ደግሞ እስከ ግማሹ የዝናብ ውሃ ሙይ። በሁለቱም ላይ የደረቅ ሳሙና ፍቅፋቂ ጣል አድርጊና ነቅንቂ። የዝናቡ አረፋ ሲሠራ የእናንተው ቢደፈርስ ጥርጣሬ አይኖርሽም። በዱቄት ሳሙና ግን አይሠራም።

ቦይለር ጠጋኝ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ብሬከሩን አውርጂና ተይው። ደጋግማችሁ አታንሱት! ብሬከር የሚጥለው ሬዚስታንሱ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው እየገባ ሊሆን ይችላል። ኧርዙ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) ደህና ካልሆነ ሰው ይይዛል። በዚያ ቦይለር ማንም እንዳይታጠብ፣ በተለይ አራሷ።
የውጪው ታንከር ካላፈሰሰ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ሬዚስታንስና ጎሚኒ ተቀይሮ ስንቱ ተነሥቷል። አቼቶ ታንከሩ ውስጥ አትጨምሩ። በ50 ሊትር ውሃ ይቀጥናል፣ ደግሞ አሲድ ታንከሩን ከዝገት የሚጠብቀውን የማግኒዥየም ዘንግ ይበላዋል። አቼቶ ጥሩ የሚሆነው የተፈታውን ዕቃ ለመዘፍዘፍ ነው። ከበረኪና ጋር ግን በጭራሽ እንዳይገናኝ፣ መርዛም ጋዝ ይወጣል።
የአዘዞውና ጋሼ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ያለው ሴፍቲ ቫልቭ ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ ነገር ውስጡ አለው። ድንጋይ ሲገባበት አይዘጋም። ያኔ ሮቶው ሲደርቅ የቦይለሩም ውሃ ሊመለስ ይችላል።

የማራኪዋ፦
ወይኔ፣ ስንት ጊዜ ነው ያነሣሁት! አሁን አወረድኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለወደፊቱስ?

ቦይለር ጠጋኝ፦
ቴርሞስታቱን ከ55 እስከ 60 ላይ አድርጊ። ከዚያ ሲያልፍ ድንጋዩ ይበረታል፣ ከ50 በታች ደግሞ ውሃው ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል። በየሦስት አራት ወሩ ዝቃጩን አስወጪ። መብራቱ ይጠፋል፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፣ ቀዝቃዛው ይዘጋል፣ የሙቁ ቧንቧ ይከፈታል፣ የሴፍቲ ቫልቩ እጀታ ተነሥቶ በጎማ ይፈሳል። ዘንጉን በዓመት አንዴ አስፈትሺ። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ የሙቁን ቧንቧ ክፈቺ፤ መትፋቱን ትቶ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ብቻ አብሪ።

ቀበሌ 18፦
ፊልተር ገዝታ ብትገላገልስ?

ቦይለር ጠጋኝ፦
ተራው የክር ፊልተር ደለል ይይዛል እንጂ የሟሟውን አይዝም። መግቢያው ላይ የሚገጠም ፖሊፎስፌት ያለበት አለ፣ ድንጋዩ እንዳይጋገር ያደርጋል። እሱን ለሻወር ብቻ ተጠቀሙበት። በጨው የሚታጠበው ማለስለሻ ጠጣርነቱን ያወጣል፣ ግን ውድ ነው፣ ዘንጉም ቶሎ ያልቃል።

የማራኪዋ፦
ሌላ ሠራተኛ አስመጥተን ዛሬ ተፈታ። ሬዚስታንሱ በነጭ ቅርፊት ተጠፍሮ ክንዴን ያህላል። በጣቴ ስነካው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተላጠ፣ ከሥሩ ብረቱ ተሰንጥቋል። ከታንከሩ ሥር ግማሽ ባልዲ ስብርባሪ ወጣ። ዘንጉ አልቆ ሽቦው ብቻ ነው የቀረው። ሠራተኛው «ዘንግ ባይኖርም ችግር የለውም» ይላል። እውነት ነው?

ቦይለር ጠጋኝ፦
አይደለም! ዘንጉ የሚበላው ታንከሩ እንዳይበላ ብሎ ነው። ያለ ዘንግ እንዳትዘጊው።

የአዘዞው፦
ግማሽ ባልዲ? እኔም የእኔን ላስፈታ ነው። ሬዚስታንሱንና ዘንጉን የት አገኛችሁ? የማራኪዋ፣ ስትገዢ እዚሁ ጻፊልኝ።