ከባሕር ዳር የሚጫን ዓሣ ሁሉ የሙቀት መዝጋቢ ይያዝ? (ክርክር)

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ የተነሳው ሐሳብ ብዙ ስላነጋገረ ለብቻው ከፈትነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ከባሕር ዳር ወደ ሌላ ከተማ የሚጫን የዓሣ ሳጥን ሁሉ ውስጡ የሙቀት መዝጋቢ ወይም ዳታ ሎገር ይኑረው፤ የሌለው አይጫን፤ ይህም በግዴታ ደንብ ይጻፍ። ለማያውቅ፦ ሎገር የክብሪት ሳጥን የምታህል፣ በክብ ባትሪ የምትሠራ፣ በየተወሰነ ደቂቃ ሙቀት እየለካች የምትመዘግብ ዕቃ ናት። ጭነቱ ሲደርስ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው የመንገዱን ሙቀት ከመነሻ እስከ መድረሻ ያያሉ። ስድብ የለም። የሰውም የድርጅትም ስም አይነሳ።

የሆቴል ገዢ (አዲስ አበባ)፦
ያነሳሁት እኔ ነኝ። ፊሌቶ ይላክልኛል፤ ከላይ በረዶ አለው፣ ሲያዩት ያምራል። ሳጥኑን ስገለብጠው የታችኛው ድርድር ለስልሶ፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል፤ ያጠራቀመው ውኃም ይሸታል። ነጋዴው "እኔ ጋ ሲወጣ ድንጋይ ነበር" ይለኛል። ሾፌሩ "የትም አልቆምኩም" ይለኛል። ሁለቱም ይምላሉ፣ ኪሳራው እኔው ላይ ይቀራል። የሚብሰው ደግሞ በሁዳዴ ነው። ዓሣ የሚፈለግበትና ባሕር ዳር የምትግልበት ወር አብረው ይመጣሉ። መሐላ ሰልችቶኛል፤ መዝገብ ይምጣልኝ።

አስጋሪ (ዘጌ)፦
ጌታው፣ ሎገር ዓሣ አያቀዘቅዝም። መረቡን ማታ ጥለን ንጋት ላይ እናነሳለን። ከመረቡ ከሚወጣው ውስጥ ከሞተ ሰዓታት ያለፈውም አለ። ታንኳ ላይ በረዶ የሚባል ነገር የለም፤ እርጥብ ማዳበሪያ አልብሰን ፀሐይ ሳትከር እንቀዝፋለን። ዳር ያለው በረዶም መብራት ሲኖር ነው። እናንተ የምትሉት ዕቃ ሥራ የሚጀምረው ዓሣው ሳጥን ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ማንም አይመዘግብም። ዓሣው የተበላሸ ቀን "ሎገሩ ቀዝቃዛ ይላል፣ እንግዲህ የበደለው አስጋሪው ነው" ልትሉን ነው። ገንዘብ ካላችሁ በረዶ ግዙበት።

ፍሪጅ ሠራተኛ (ሽምብጥ)፦
አያ እውነታቸውን ነው። ሒሳቡን ልስጣችሁ፦ 10 ኪሎ ዓሣ ከ25 ዲግሪ ወደ 0 ለማውረድ ብቻ 2.5 ኪሎ ገደማ በረዶ ይቀልጣል። ያውም ሳጥኑ ከውጭ ምንም ሙቀት ካላስገባ። በሞቃት አገር ረጅም መንገድ እንዲዘልቅ የሚመከረው አንድ ኪሎ በረዶ ለአንድ ኪሎ ዓሣ ነው። እኔ ገበያ ላይ የማየው ግን ከላይ አንድ እፍኝ ተነስንሶ ነው። ያ በረዶ ለገዢው ዓይን የተቀመጠ ነው።

የፖሊ ተማሪ፦
ጋሼ፣ በረዶው ይበቃ እንደሆን በምን ይታወቃል ታዲያ? ሲደርስ በእጅ ዳብሶ? ዓሣ በ5 ዲግሪ ሲቀመጥ በ0 ከሚበላሽበት ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ነው የሚበላሸው፤ በ10 ዲግሪ ደግሞ አራት እጥፍ ገደማ። ጠዋት ለስድስት ሰዓት ያህል በ10 ዲግሪ ቆይቶ ከዚያ በረዶ ቢለብስ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ 1 ዲግሪ ያሳያል፤ ዕድሜው ላይ ግን አንድ ሙሉ ቀን ተበልቷል። ይህን ቴርሞሜትር አያሳይህም። የሚያሳየው መዝገብ ብቻ ነው።

ዕቃውም የሚያስፈራ አይደለም። ኤሊቴክ አርሲ-5 የሚባለው ዓይነት 32,000 ንባብ ይይዛል፤ በየ10 ደቂቃው ቢመዘግብ ከ7 ወር በላይ ነው። ስህተቱ በበረዶ አካባቢ ግማሽ ዲግሪ ቢሆን ነው። ቆየት ያለውና ከአይዝጌ ብረት የተሠራው፣ አይበተን (iButton) የሚባለው ሎገር ዲኤስ1921ጂ ደግሞ 2,048 ንባብ ነው የሚይዘው፤ በዚያው ልክ ቢመዘግብ 14 ቀን፤ ስህተቱም እስከ 1 ዲግሪ ይደርሳል። ለአንድ የአዲስ አበባ መንገድ ሁለቱም ይተርፋሉ። ብዙ ሰው ትልቅ ማኅደረ ትውስታ ያለውን ይመርጣል፤ ለዓሣ ግን ቅድሚያ መታየት ያለበት ውኃ አያስገባም ወይ የሚለው ነው። የቀለጠ በረዶ ውስጥ ሲዋኝ ነው የሚውለው። ሆቦ ፔንዳንት እንደሚባለው ሎገር ሙሉ በሙሉ የታሸገ ካልሆነ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አፉን በደንብ እሰሩት።

ፍሪጅ ሠራተኛ (ሽምብጥ)፦
አንተው ሠርተህ አትሸጥልንም?

የፖሊ ተማሪ፦
መሥራቱ ቀላል ነው። ዲኤስ18ቢ20 የሚባል ሴንሰር፣ አንድ ትንሽ ቦርድ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ አለቀ። ግን በዚህ ስም አስመስለው የተሠሩ ሴንሰሮች ገበያውን ሞልተውታል። ደግሞ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ፣ ሳይለካ ቶሎ ካነበብከው 85 ዲግሪ ብሎ ቁጭ ይላል። በረዶ ውስጥ ያለ ዓሣ 85 ዲግሪ የሚል ወረቀት ይዘህ ማን ፊት ትቆማለህ? ለመማር ጥሩ ነው፤ ለክስ አይሆንም።

ነጋዴ (ባሕር ዳር)፦
የተገዛውስ ቢሆን በምን ይታመናል? የማውቀው ሰው አንዱን መለኪያ የሚፈላ ውኃ ውስጥ ከቶ 94 አለው። 100 ማለት ነበረበት። ስድስት ዲግሪ የሚዋሽ ዕቃ ይዛችሁ ነው ጭነት አይወጣም የምትሉን?

ፋርማሲስቷ፦
ወንድሜ፣ መለኪያው አልዋሸም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው 94 አካባቢ ነው። ሎገርን ግን የሚፈላ ውኃ ውስጥ እንዳትከቱ፤ ብዙዎቹ ከ70 ወይም ከ85 ዲግሪ በላይ አይችሉም።

ትክክለኛው ፈተና በበረዶ ነው። በረዶውን ድቅቅ አድርጉት፣ ንጹሕ ውኃ ጨምሩበት፣ ጨው እንዳይነካው፣ ሎገሩን በላስቲክ አስራችሁ መሐል ክተቱት፣ እያማሰላችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ንባቡ 0 ላይ ወይም ግማሽ ዲግሪ ወዲህና ወዲያ ከሆነ ደኅና ነው። 2 ካለ ለሥራ አይሆንም። ይህን የከተማው ከፍታ አይቀይረውም፤ ጎርጎራም ይሠራል፣ ጅቡቲም ይሠራል።

ስለ ደንቡ ግን ከአነሳሹ ጋር አልስማማም። ሥራዬ ክትባት ያለበት ፍሪጅ ጋ ነው። እዚያ የ30 ቀን መዝጋቢ አለን፤ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ከ8 ዲግሪ በላይ ለ10 ሰዓት ከቆየ፣ ወይም ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪ ወርዶ ለ60 ደቂቃ ከቆየ ነው። በር በተከፈተ ቁጥር አይጮህም። ክትባትን ብርድ ቶሎ ስለሚገድለው ለብርዱ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነው። የዓሣው ደንብም "ከ4 ዲግሪ አይለፍ" ብሎ ብቻ ከተጻፈ ሁሉም ሳጥን ጥፋተኛ ነው፤ ከስንት ዲግሪ በላይ፣ ለስንት ሰዓት የሚለው አብሮ መጻፍ አለበት። ደግሞ እኛ ጋ በቀን ሁለት ጊዜ እያየ የሚፈርም ሰው አለ። ለዓሣው ማን ነው የሚያነበው? የማይነበብ መዝጋቢ በየሳጥኑ ማስገባት ብር ማባከን ነው።

ሾፌር (አይሱዙ)፦
እኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ ልናገር። አንዱ ገዢ ደብቆ ሎገር አስገብቶ ኖሮ ወረቀት አውጥቶ ያዘኝ። ወረቀቱ "ከ06፡40 እስከ 08፡10 ሙቀቱ ወጥቷል" ይላል። "ቀትር ላይ ምሳ ስትበላ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁመኸዋል" አለኝ፣ ከሒሳቤም ቆረጠ። በኋላ አንድ ልጅ አይቶ ሲያስረዳን ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። ከጠዋቱ 12፡40 እስከ 2፡10 መሆኑ ነው። እኔ ጭነቱን የተረከብኩት ከጠዋቱ 2፡15! ሳጥኑ የጋለው ገና የነጋዴው በር ላይ ተደርድሮ ሳለ ነው። የተቆረጠው ብር ግን እስካሁን አልተመለሰም።

የፖሊ ተማሪ፦
ይሄ የሚገርም አይደለም። ሎገሩ ሰዓቱን የሚወስደው ካዘጋጀው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ የሌላ አገር ሰዓት ላይ ከሆነ ወረቀቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ሊል ይችላል፤ በዚያ ላይ እኛ አንባቢዎቹ ስድስት ሰዓት እንጨምርበታለን። ከመነሳታችሁ በፊት የሎገሩን ሰዓትና የእጃችሁን ሰዓት አስተያይታችሁ ርክክቡ ወረቀት ላይ ጻፉት።

የሆቴል ገዢ (አዲስ አበባ)፦
ሾፌር ወንድሜ፣ እኔ አይደለሁም፣ ግን አዝናለሁ። ደግሞ ልብ በል፦ ነጻ ያወጣህ ያው ሎገር ነው። ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬ እየማልክ ነበር።

ሾፌር (አይሱዙ)፦
ነጻ ያወጣኝ ልጁ ነው። ሎገሩማ ከሰሰኝ።

የፖሊ ተማሪ፦
ሌላም አለ። የአንድ ነጋዴ ፈቃድ አግኝተን አንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሎገር አስገብተን ነበር፤ አንዱን ክዳኑ ሥር፣ አንዱን መሐል ሁለት ዓሣ መካከል። በረዶው በቂ ነበር። እስከ ደብረ ማርቆስ ሁለቱም ከ3 ዲግሪ በታች ናቸው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ የክዳኑ ሎገር መውጣት ጀመረ፤ ድልድዩ አካባቢ 11.5 ደረሰ። ጎሃ ጽዮን ከወጣ በኋላ ቀስ ብሎ ወረደ። የመሐሉ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከ1.5 ወደ 2 ብቻ ነው ያለው። የክዳኑን ብቻ ያየ ሰው ጭነቱን ይመልሰዋል። የመሐሉን ያየ ደስ ብሎት ይከፍላል። ዓሣው አንድ ነው።

ነጋዴ (ባሕር ዳር)፦
እኮ! እንግዲህ እኔ ተንኮለኛ ብሆን ሎገሩን በረዶው ውስጥ ቀብሬ እልከዋለሁ። ዓሣው ቢቀቀል እንኳ 0 ይላል። ደንቡ ይህን ካልመለሰ ታማኙን ያስወጣል፣ ሌባውን ያስመሰግናል።

የሆቴል ገዢ (አዲስ አበባ)፦
ቦታው ይጻፍ፤ ከታችኛው ድርድር፣ መሐል፣ ሁለት ዓሣ መካከል፣ በረዶ ሳይነካው። የሚያስገባውም ነጋዴውና ሾፌሩ ባሉበት። ደግሞ 0 ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስመር ራሱ ያሳብቃል፤ ገና ሲገባ ሞቅ ብሎ ቀስ በቀስ መውረድ ያለበት ዓሣ ነው። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ 0 የሆነ መዝገብ ቢመጣልኝ በረዶ እንደተለካ አውቃለሁ።

ፋርማሲስቷ፦
ይህቺ ጥሩ ናት። ብቻ ሌሊቱን በረዶ ውስጥ ያደረ ዓሣም ሲታሸግ 0 አካባቢ ሊሆን ይችላልና በእሱ ብቻ ሰው እንዳይከሰስ።

ነጋዴ (ባሕር ዳር)፦
ስለ ዋጋው ማንም አላነሳም። ከውጭ 20 እና 30 ዶላር ይባላል። ዶላሩ በሐምሌ 2016 ከተለቀቀ ወዲህ ያ ስንት ብር እንደሆነ እናንተው አስሉት። በየሳጥኑ ከሆነ ለአንድ አይሱዙ ስንት ሊያስፈልግ ነው? ሄዶስ ይመለሳል ወይ? አዲስ አበባ የገባ ክሬት እንኳ ተመልሶ አይመጣልኝም።

ፋርማሲስቷ፦
ለዚህ ነው በየሳጥኑ አይሁን የምለው። ለአንድ መኪና ሁለት ይበቃል፤ አንዱ በሩ አጠገብ ከላይ ያለው ሳጥን ውስጥ፣ አንዱ ወደ ጋቢናው ከታች። የሚገዛው ገዢው ይሁን፤ መረጃውን የፈለገው እሱ ነው። ለመመለሱ መያዣ ይያዝበት። በነገራችን ላይ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከዓላማዎቹ አንዱ ደኅንነቱ የተጠበቀና ጥራት ያለው ዓሣ አቅርቦትን ማሳደግ ነው። ሕጉ ጥራት ይፈልጋል። ጥራቱን በምን እንደምናስመሰክር መስማማት የእኛ ፋንታ ነው።

የሆቴል ገዢ (አዲስ አበባ)፦
እኔ ልግዛ፤ እስማማለሁ። ግን በፈቃደኝነት ከሆነ የሚቀበሉኝ ድሮም ጥሩ ዓሣ የሚልኩልኝ ናቸው። አንድ እፍኝ በረዶ የሚነሰንሰው "ሎገር አላስገባም" ብሎ ለሌላ ይሸጣል። ግዴታ ያልኩት ለእሱ ነው። በመኪና ሁለት ቢባል ይስማማኛል፤ ግዴታነቱን ግን አልለቅም።

አስጋሪ (ዘጌ)፦
ልጆች፣ ሁሉን ሰማሁ። የምታወሩት ከባሕር ዳር ወዲያ ስላለው ነው። ያቺን ዕቃ አንድ ሌሊት ለእኔ ስጡኝ። መረቡን ሳነሳ ከመጀመሪያው ቆሮሶ ጋር ታንኳዬ ላይ ላድርጋት፣ ዳር እስክደርስ፣ ነጋዴው መዝኖ እስኪረከበኝ፣ በረዶ እስኪለብስ። ከዚያ ከአዲስ አበባው ወረቀት ጋር አስተያዩት። ብዙውን ዕድሜ የበላው የእኔ ጠዋት ከሆነ ደንባችሁ የመጀመሪያ አንቀጹን በረዶ ታንኳ ድረስ ይምጣ ብሎ ይጀምር። በረዶው ሳይመጣ ሎገር ግዴታ ነው ካላችሁ እኔ አልፈርምም፣ ጓደኞቼም አይፈርሙም።

የፖሊ ተማሪ፦
አያ፣ ቅዳሜ ማታ ይዤልዎት ዳሩ ድረስ እመጣለሁ። በየ5 ደቂቃው እንዲመዘግብ አዘጋጀዋለሁ። መረቡን ማንሳት ሲጀምሩ ቁልፉን ረዘም አድርገው ይጫኑት፤ ምልክቱ ካልመጣ አልጀመረም ማለት ነው፣ ደግመው ይጫኑት። ታንኳው ላይ በገመድ ይሰሩት፤ ጣና ከገባ የለም።

ነጋዴ (ባሕር ዳር)፦
እኔ ስረከብስ ማን ያጠፋዋል? የእኔ መጋዘን ገብቶ እየመዘገበ እንዲያድር አልፈቅድም።

የሆቴል ገዢ (አዲስ አበባ)፦
አየህ? ሁሉም የራሱ በር ላይ ሲደርስ ይጠፋ ይላል።

ነጋዴ (ባሕር ዳር)፦
የአንተ ኩሽናስ? ዓሣው ሆቴል ከገባ በኋላ ስንት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ እንደሚውል ይመዝገብ ብንል ትፈቅዳለህ?

የሆቴል ገዢ (አዲስ አበባ)፦
እፈቅዳለሁ። አንተ የመጋዘንህን ከፈቀድክ።