ለዶክትሬት ጀርመን ልመጣ ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የባሕር ዳሩ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ማስተርሴን በፊዚክስ ጨርሻለሁ። ጽሑፌ ማግኔትነትና ሱፐርኮንዳክቲቪቲ (ቁስ በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መቋቋም የሚያሳልፍበት ባሕርይ) አንድ ቁስ ውስጥ አብረው ይኖራሉ ወይ የሚል ነበር። አሁን ጀርመን ለዶክትሬት ቦታ አግኝቻለሁ። ሁለት ነገር ያስጨንቀኛል። ሁሉን የሠራሁት በወረቀት ነው፤ ላብራቶሪ ገብቼ አላውቅም። ደግሞ አባቴ «ይኼ የምትማረው ነገር ጎጃም ውስጥ ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። መልስ የለኝም።

የማርቆሱ፦
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። እዚህ 11 ዓመቴ ነው። እኔም እንዳንተው ነበርኩ። የጻፍኩት ብረት ስላለባቸው ሱፐርኮንዳክተሮች ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ብረት ያለበት ሱፐርኮንዳክተር ተገኘ ተብሎ ከጃፓን የተሰማው ወሬ ሰውን ሁሉ ያስገረመው እኮ ማግኔት የሱፐርኮንዳክተር ጠላት ነው እየተባልን ስለተማርን ነው። ሦስት ምዕራፍ ሙሉ አሰላሁ። ቁሱን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት የሰጡኝ ኮምፒውተር እንዳይመስልህ። ሲኒ የምታክል ሙቀጫ ነው! ሌላ ዓይነት ሱፐርኮንዳክተር ለመሥራት የኢትሪየም፣ የባሪየምና የመዳብ ውሁዶች ዱቄት በአቶም ብዛት 1 ለ2 ለ3 እንዲሆን መዝነህ ትፈጫለህ። ክንድህ እስኪዝል። ከ900 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ ትጋግረዋለህ፣ እንደገና ትፈጫለህ፣ እንደ ክኒን ትጨምቀዋለህ፣ በመጨረሻ በኦክስጅን ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ትተወዋለህ። እኔ ቸኩዬ ቶሎ አበረድኩት። ኦክስጅኑን ሳይጠግብ ቀረና እንደ ሱፐርኮንዳክተር አልሠራም፤ ያልቦካ ሊጥ ምጣድ ላይ እንደማፍሰስ ነው። አራተኛው ነው የተሳካልኝ። ስለዚህ ላብራቶሪ አለማወቅህ አያሳፍርህ፤ እጅ ይለምዳል።

የሠራኸውን መለካት ግን ወረፋ ነው። ማሽኑ የሚቀዘቅዘው በፈሳሽ ሂሊየም ነው፣ 4.2 ኬልቪን፣ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ። ውድ ነው፤ ተኖ የወጣው ተሰብስቦ ተመልሶ ፈሳሽ ይደረጋል። አንድ ቀን የመሰብሰቢያውን ቧንቧ ሳልከፍት ሄጄ ሌሊቱን ሙሉ ሂሊየሙ ወደ ሰማይ ሄደ። ጥፋቱ የኔው ነው፤ ሁለት ሳምንት ሰው ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ቁሱን በኒውትሮን ጨረር መመርመር ካስፈለገህ ደግሞ ፈረንሳይ ግሬኖብል ድረስ ማመልከቻ ትጽፋለህ፣ ወራት ትጠብቃለህ፣ የሚሰጥህ ጥቂት ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት እንቅልፍ የለም። ስለዚህ ከተማው እንዴት ነው ብለህ ከመጠየቅህ በፊት ማሽኑ የማን ነው፣ ተራ ስንት ጊዜ ይደርሳል ብለህ ጠይቅ።

ውልህንም አንብብ። የዶክትሬት ተማሪ ብዙውን ጊዜ ተቀጣሪ ነው፤ ደመወዙ ግን የሙሉ ሰዓት ላይሆን ይችላል፣ 65 ወይም 75 በመቶ የሚል ታገኛለህ። ከዚያ ወዲያ አጭር አጭር ውል ነው። ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዓይነት ጊዜያዊ ውል የሚያቆይህ በመደበኛው ሕግ ከዶክትሬት በፊት 6 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 6 ዓመት ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም።

የቡሬዋ፦
ኧረ ልጁን አታስፈራራው! እኔ እዚሁ ሆስፒታል ኤምአርአይ ክፍል ነው የምሠራው። ለአባትህ እንዲህ በላቸው፦ ያ ሰው ተኝቶ የሚገባበት ክብ ማሽን ውስጡ የሱፐርኮንዳክተር ሽቦ ነው። የኛው 1.5 ቴስላ ነው፤ ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው። አንዴ ጅረቱ ከገባበት ሌሊትም ቀንም ይዞራል፤ ማግኔቱ አይጠፋም። እዚያ ላይ ነው ያንተ ሙያ ያለው።

የማርቆሱ፦
እውነትሽን ነው እህቴ። ጎጃም ምን ያደርጋል ለሚለው ግን የኔን ስሙ።

አምና ስሄድ ከሠራኋቸው አንዷን ጥቁር ክኒን ይዤ ሄድኩ፣ ከአንድ ትንሽ ማግኔት ጋር። እሷ በ93 ኬልቪን ገደማ ነው ሱፐርኮንዳክተር የምትሆነው፤ ፈሳሽ ናይትሮጅን 77 ኬልቪን ስለሆነ ይበቃታል፣ ሂሊየም አያስፈልጋትም። ናይትሮጅን ከየት ይምጣ ብዬ ሳስብ አጎቴ ቤት፣ ማቻክል፣ የከብት አዳቃዩ በሞተር ሳይክል መጣ። የኮርማ ዘር የሚይዝበት ያ ትልቅ ማሰሮ የሚመስል ዕቃ ውስጡ ምን ያለ ይመስላችኋል? ናይትሮጅን! ለካ ስንት ዘመን በደጃችን ሲያልፍ ኖሯል።

ለምኜው ከቆረጥኩት ፎም ላይ ትንሽ አፈሰሰልኝ። ጭሱ ተነነ፣ ክኒኗ ተንጫጫች፣ ዝም ስትል ማግኔቱን ከላይ አስቀመጥኩት። ተንሳፈፈ። አጎቴ ዝም ብለው አዩትና ሰንበሌጥ ቆርጠው በመሃል አሳለፉ፤ ክር ያለበት መስሏቸው። ደገሙት። ናይትሮጅኑ ሲያልቅ ማግኔቱ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ጨምርበት እንጂ!» አሉ። አዳቃዩ «የኮርማው ዘር ይበላሽብኛል አባባ» ብሎ ክዳኑን ገጠመ።

የባሕር ዳሩ፦
ክኒኗ አሁንም እዚያው ናት?

የማርቆሱ፦
ናት። እርጥበት ስለማይስማማት እናቴ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ከታ ጓዳ አስቀምጣታለች። ክረምቱን አልፋ እንደሆነ ለገና ስሄድ አያታለሁ። አንተ ባሕር ዳር ነህ፣ ቅርብ ነህ፤ ከመሄድህ በፊት ማርቆስ ብቅ በልና እያት።