የተመራማሪ ፋይዳ በምን ይለካ? በተጠቀሰበት ብዛት ወይስ በፈታው ችግር?

የአምስት ኪሎዋ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ላይ እየሠራሁ ነው፤ የሥራና የአገልግሎት ችግሮችን በሒሳብ የሚያጠና ሙያ ነው። ትናንት ቡና ላይ ከጓደኞቼ ጋር ተሟገትን። የመምህር የማዕረግ እድገት ባሳተመው ጽሑፍና ሌሎች ተመራማሪዎች በጽሑፋቸው በጠቀሱት ብዛት ብቻ መታየት አለበት? እኔ የለበትም ባይ ነኝ።

ምክንያቴ ራስል አኮፍ ነው። አሜሪካዊ ነው፤ በፈረንጆቹ 1919 ተወልዶ 2009 አርፏል። በ1957 ከቸርችማንና ከአርኖፍ ጋር የሙያውን ዋና መማሪያ መጽሐፍ የጻፈው እሱ ነው። በ1979 ግን ያንኑ ሙያ ፊት ለፊት ወቀሰ። ባለሙያው ቀመሩን ወደደና ችግሩን ረሳ አለ። ችግር ደግሞ ለብቻው አይመጣም፤ አንዱ ከሌላው ተጠላልፎ ነው የሚመጣው። ነገሮችን ነጣጥሎ ሳይሆን ከነግንኙነታቸው የሚያየው የሲስተምስ ቲንኪንግ ዋናው ነገር ይኸው ነው።

የሒሳብ ሰው፦
እኅቴ፣ አኮፍን እኔም አከብረዋለሁ። ግን ቀመርን እንዲህ አትግፊው። የዚሁ ሙያ ሰው የሆነውን አሜሪካዊውን ጆን ሊትልን ተመልከቺ። በ1961 አንዲት አጭር የሒሳብ ማረጋገጫ አሳተመ። ሰልፍ ውስጥ ያለው ሰው ብዛት፣ በደቂቃ የሚገባው ሰው በአማካይ በሚጠብቀው ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው። አለቀ።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ 120 ሰው ታክሲ ይጠብቃል እንበል። በየ3 ደቂቃው አንድ ሚኒባስ ይመጣና 12 ሰው ይጭናል። በደቂቃ 4 ሰው ማለት ነው። የሚመጣውም ሰው ያንኑ ያህል ሆኖ ሰልፉ ሳይረዝም ሳያጥር ከቆየ፣ አንድ ሰው በአማካይ 30 ደቂቃ ይቆማል። ለባንክም፣ ለሆስፒታልም ያው ስሌት ይሠራል። ሊትል ሜክሲኮን አያውቃትም፤ ማረጋገጫው ግን እዚህ ድረስ ደረሰ። ያደረሰው ደግሞ ሰው እየጠቀሰው፣ እያስተማረው ነው።

ሳልረሳው፦ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሊትልና አኮፍ ክሊቭላንድ ውስጥ አንድ ተቋም ነበር የሚያስተምሩት።

ተራ አስከባሪ፣ ከሜክሲኮ፦
ወንድሜ ስሌቱ ልክ ነው። ሚኒባሱ ግን 12 ሰው አይጭንልኝም። እኔ ጋ ሳይደርስ ሰው ከታች ሮጦ ይሳፈራል፤ ሲደርስ 5 ወንበር ቀርቶታል። ሾፌሩም ከ12 ሰዓት በኋላ ረጅሙን መንገድ ይጠላል፤ መንገዱ ስለሚዘጋ ግማሽ መንገድ ጭኖ ሁለቴ ቢመላለስ ይሻለዋል። ዝናብ ከመጣ ሰልፉ በረንዳ ለበረንዳ ይበተናል። ያኔ ማን ከማን ኋላ እንደነበር በፊታቸው ነው የማውቀው።

አንድ ጊዜ ወረቀት ይዘው ሲቆጥሩ የዋሉ ልጆች ነበሩ። ውኃ ሰጠናቸው፣ ወንበር ሰጠናቸው። ምን እንዳገኙ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

የአምስት ኪሎዋ ተማሪ፦
እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነው! አኮፍ ፊላደልፊያ ሲያስተምር ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ማንቱዋ የሚባል የጥቁሮች ድሃ ሰፈር ነበር። ይህን አድርጉ ብሎ አልሄደባቸውም። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ችግራቸውን እንዲለዩ፣ ዩኒቨርሲቲውንም በፈለጉት መንገድ እንዲጠቀሙበት አደረገ። በ1970 ሥራውን ትልቅ ጆርናል ላይ ሲያሳትም፣ ሰፈሩ በዩኒቨርሲቲው ላይ ያካሄደው ጥናት ነው ብሎ ነው ርዕስ የሰጠው። አጥኚው ሰፈሩ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በጥቅስ ቆጥራችሁ ትጨርሱታላችሁ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ሐሳብሽ ልቤን ነክቶታል። ግን የእድገት ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። «ማኅበረሰቡን ጠቅሟል» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ስንቴ እንዳየሁ አትጠይቂኝ። ደብዳቤ በትውውቅ ይጻፋል። ጆርናል ሲሆን ቢያንስ የማያውቅሽ ሰው አንብቦ ይፈርድብሻል። ደሃው ተመራማሪ ዘመድ ባይኖረውም ወረቀቱ ይቆምለታል። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆኑን አውቃለሁ። በፈረንጆቹ 2005 የመጣውን የተመራማሪ መለኪያ፣ ኤች ኢንዴክስን እንኳ ብናይ፣ 10 ነው ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ሲጠቀስ ተመስግኖ ይሁን ተወቅሶ አይለይም። ቢሆንም ቁጥሩን ከማንሳታችሁ በፊት በምን እንደምትተኩት ንገሩኝ።

የአምስት ኪሎዋ ተማሪ፦
ጋሼ፣ የዝምድናውን ነገር አላሰብኩበትም ነበር፤ እውነትዎን ነው። እንግዲያው ወረቀቱ ይቅር አልልም። ኮሚቴው ግን ደብዳቤ ከሚጠብቅ እስከ ቦታው ይሂድ። ተራ አስከባሪውን ይጠይቅ፦ ችግሩን ሲለዩ አማክረውሃል? ውጤቱን መልሰው ነግረውሃል? ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ? ይህን በማኅተም ማሳመር አይቻልም።

ጡረተኛው መምህር፦
ተጠያቂዎቹን ኮሚቴው ራሱ ከመረጠ እስማማለሁ። ተመራማሪው ከመረጣቸው ግን ያው ደብዳቤው ነው።

የሒሳብ ሰው፦
እኔ አሁንም ቀመሩ ይቅደም ባይ ነኝ። የ5ቱ ወንበር ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። 4 ሰው በደቂቃ ያልኩት ወደ 2 ግድም ወረደ፤ የ30 ደቂቃው ጥበቃ ከአንድ ሰዓት አለፈ። ወንድሜ፣ ሐሙስ ማታ ብመጣ ታሳየኛለህ?

ተራ አስከባሪ፣ ከሜክሲኮ፦
ና። ግን 11 ሰዓት ላይ ድረስ፤ ከ12 በኋላ ቆሜ ላወራህ አልችልም። ታች ሰው የሚሳፈርበትን ቦታ አሳይሃለሁ፣ ከረዳቶቹም ጋር አገናኝሃለሁ። ያገኘኸውን ተመልሰህ ንገረን።