ክርክር፦ የረጲ አመድ ለሚ ሲሚንቶ ውስጥ ይግባ?

መነሻ፦ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባው የረጲ ኃይል ማመንጫ ቆሻሻ አቃጥሎ አመድ ያስቀራል። ሰሜን ሸዋ ወዳለው ለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ አምጥተን ከኖራ ድንጋዩ ጋር ምድጃ ብናስገባውስ?

ኮንትራክተር፣ ደብረ ብርሃን፦ አልስማማም። አመዱ ጨው አለው፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ፌሮ ይበላል። ኮንክሪቱ ላይ ስንጥቅ ሲታይ ብረቱ ቀድሞ ሳስቷል።

ምድጃ ክፍል፦ ወንድሜ፣ አመዱን ከክሊንከር (ከምድጃ ከሚወጣው የሲሚንቶ እንክብል) ጋር ብንፈጨው እውነትህን ነው። 1 በመቶ ክሎራይድ ያለው አመድ 10 በመቶ ሲገባ 0.1 በመቶ ይሆናል፤ የሲሚንቶው የክሎራይድ ጣሪያ እዚያው አለቀ። በጥሬ ዕቃ በኩል ከገባ ግን ቀድሞ የሚታመመው ምድጃው ነው። ክሎራይዱ ከፖታሲየም ጋር ተኖ ወደ ፕሪሂተሩ (ጥሬ ዱቄቱን ቀድሞ ወደሚያሞቀው ማማ) ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ የታችኛው ሳይክሎን (ዱቄቱን ከጋዝ የሚለየው ክፍል) ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ከዱቄቱ ጋር ወርዶ እንደገና ይተናል። እየዞረ ይጠራቀማል። ሳይክሎኑ ሲደፈን ሥራ ቆሞ በዘንግ ይወጋል፤ የጋለው ዱቄት ድንገት ሲናድ ሰው ያቃጥላል። ባይፓስ (ክሎራይድ የበዛበትን ጋዝ ከፍሎ የሚያወጣ መስመር) ለሌለው ምድጃ በጥሬ ዱቄቱ ውስጥ 0.02 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ችግር ይጀምራል። 5 በመቶ አመድ ብቻውን 0.05 ያመጣል።

ላቦራቶሪ፦ መጀመሪያ አመዱን ለዩ። ከጭስ ማጣሪያ የሚወጣው ከ10 በመቶ በላይ ክሎራይድ ሊኖረው ይችላል፣ እርሳስና ካድሚየምም አለበት፤ እሱ ጭራሽ አይምጣ። ከምድጃ ሥር የሚወድቀው ይታጠብ፦ ለ1 ቶን አመድ 3 ቶን ውሃ። 1 በመቶ የነበረው ወደ 0.2 ከወረደ፣ 5 በመቶው የሚያመጣው 0.01 ብቻ ነው። ከካልሲየምና ከአሉሚኒየም ጋር የታሰረው ክሎራይድ ግን በውሃ አይለቅም፤ ስለዚህ በናይትሪክ አሲድ ተፈልቶ በሲልቨር ናይትሬት ይለካ። በውሃ የሟሟውን ብቻ ለክቶ «ጸድቷል» የሚል ወረቀት አልቀበልም።

የመስኖ ባለሙያ፦ እጣቢውስ? በእናንተው ሒሳብ ከአንድ ቶን 8 ኪሎ ክሎራይድ በ3,000 ሊትር ውሃ ይወጣል፤ በሊትር 2.7 ግራም ገደማ። ለመስኖ 350 ሚሊግራም እንኳ ብዙ ነው። ጀማ ወንዝ ከገባ የቆላው ገበሬ ነው የሚከፍለው።

ላቦራቶሪ፦ ልክ ነዎት። እጥበቱ ረጲ ይሁን፣ እጣቢው እዚያው ይታከም። ለሚ የሚደርሰው የታጠበና የተጠነፈፈ ብቻ ነው።

ምድጃ ክፍል፦ ኖራ ድንጋዩና ሸክላው የራሳቸው ክሎራይድ አላቸው። እነሱም 0.01 ካመጡ የ0.02 ጣሪያው ሞላ። ባይፓስ ሳይገጠም ከ2 በመቶ በላይ አመድ አላስገባም።

ኮንትራክተር፦ የየጭነቱ ውጤት ይለጠፍ፤ ያኔ እንነጋገራለን።