ቁፋሮ ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ የሄዳችሁ እስኪ ንገሩኝ

ጀማሪዋ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ በሚቀጥለው ወር ለ3 ሳምንት አርኪዮሎጂ ቁፋሮ ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ልሄድ ነው። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፣ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ነገር ስለሆነ አመለከትኩ ተቀበሉኝ፣ አሁን ሲደርስ ግን ፈራሁ። የሆነ ነገር ባበላሽስ? ውሎው እንዴት ነው? ምን ልያዝ?

ሁለቴ የሄድኩ፦
እህቴ እንኳን ደስ አለሽ! ብዙውን ቀን የረባ ነገር አይገኝም፣ ይሄን አውቀሽ ሂጂ። ተንበርክከሽ በግንበኛ ማንኪያ አፈሩን በስሱ መፋቅ፣ ባልዲ መሙላት፣ ወንፊት ጋ ወስዶ መንፋት፣ ከዛ እንደገና። ሙቀት ያለበት ቦታ ከሆነ ገና ሳይነጋ ነው የሚወጣው፣ ከሰዓት ደግሞ የተገኘውን ገል በውሃና በብሩሽ ማጠብ። ጉልበትሽ ስር የምታደርጊው ወፍራም ስፖንጅ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጓንት ያዢ፣ የቲታነስ ክትባትሽ ጊዜው ካለፈ ተከተቢ።

እኔ በ4ኛው ቀን ነው አይኔ የተከፈተው። ቡናማው አፈር መሀል የሰሃን ስፋት ያለው ክብ ጠቆር ያለ ነገር አየሁ፣ ቆሻሻ መስሎኝ ልፍቀው ስል ሀላፊያችን እጄን ያዘችኝና ምሰሶ የቆመበት ጉድጓድ ነው አለችኝ፣ እንጨቱ በስብሶ አልቆ ቀለሙ ብቻ ነው የቀረው። ቀጥለን ስንፋቅ ሌላ 3 በመስመር ወጣ። ቤት ነበረ እዛ ጋ! እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል።

አፈር ወዳድ፦
ስለማበላሸት ላልሽው፣ እቃ ቢሰበር ይጠገናል፣ ዋናው ጥፋት ሳይመዘገብ ከቦታው መንቀል ነው። ገል ጫፉ ብቅ ሲል እጅሽን ይበላሻል፣ እንዳትጎትቺው፣ ሀላፊዎቹን ጥሪያቸው። የትኛው የአፈር ንብርብር ውስጥ ከምን ጋር እንደነበረ ካልታወቀ እኮ ስለዘመኑ ብዙ አይናገርም፣ የተቆፈረ ደግሞ ተመልሶ አይቆፈርም። ለዚህ ነው ፎቶው፣ ልኬቱ፣ ፎርሙ የሚበዛው። ኤድዋርድ ሃሪስ የሚባል አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው የንብርብር ሰንጠረዥ አለ፣ የቱ አፈር ከየቱ በፊት እንደተቀመጠ የሚያሳይ፣ ከመሄድሽ በፊት እሱን ብታዪ ለየንብርብሩ የሚሰጡሽ ቁጥር ሁሉ ይገባሻል።

ከሰል ካየሽ በባዶ እጅ አትንኪ፣ ዕድሜውን ለማወቅ ለሚደረገው የካርበን 14 ምርመራ ስለሚፈለግ በማንኪያ ጫፍ ተነስቶ ፎይል ውስጥ ነው የሚገባው። ብረትም ቢሆን ከገሉ ጋር አብረሽ እንዳታጥቢ፣ ዝገቱ ይብሳል።

ጀማሪዋ፦
ተባረኩ፣ ቀለል አለኝ። ፎቶ አንስቼ መለጠፍ ይቻላል? ክፍያስ?

ሁለቴ የሄድኩ፦
ሳታስፈቅጂ እንዳትለጥፊ፣ ቦታው ከታወቀ ሌሊት መጥተው የሚቆፍሩ ዘራፊዎች አሉ። ገል ብትሆንም ኪስ አትገባም። ክፍያ እንደ ቦታው ነው፣ ለማረፊያና ለምግብ በጎ ፈቃደኛውን የሚያስከፍሉ ብዙ ናቸው፣ ኢንሹራንስ ይጨምር እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቂያቸው።

ጀማሪዋ፦
እሺ ዛሬ እጽፍላቸዋለሁ። ማንኪያውን ራሴ ልግዛ?

አፈር ወዳድ፦
አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ይሰጣሉ። ከገዛሽ ግን ትንሿን፣ 10 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነችውን፣ ምላጩና እጀታው አንድ ላይ የተሠራውን ምረጪ፣ በብየዳ የተያያዘው ጠንካራ አፈር ላይ ቶሎ ይነቀላል።